የጎበዜ ግራ ዓይን

ጎበዜ የሚጠብቀው የጣቃ ነጋዴዎች ሕንፃ በር ላይ ያለው ምሰሶ ከተሸረፈ ወዲህ ለጎበዜ ደኅና ቀን አልነጋም። ምሰሶውን የሸረፈው እሱ ነው፤ በጥይት። ሊመታ የፈለገው ግን የሌባ መኪና ጎማ ነበር።

ነገሩ የሆነው ሊነጋጋ ሲል ነው። የራጉኤል ቅዳሴና የመስጊዱ አዛን እንደ ልማዳቸው ተቀላቅለው በሚሰሙበት ሰዓት፣ ከሐጂ ጁነዲን መጋዘን ጣቃ የጫነ ፒክአፕ መብራቱን አጥፍቶ በጓሮ በኩል ብቅ አለ። ጎበዜ «ቁም!» አለ። አልቆመም። ሽጉጡን ከማኅደሩ መዘዘ። ጎማው ከፊቱ ነው፤ ድንጋይ ቢወረውር እንኳ የማይስተው ርቀት። ተኮሰ። ደገመ። ሁለቱም ጥይት ወደ ግራ ሄዶ ምሰሶው ላይ አረፈ፤ ፒክአፑም ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሽው ብሎ ተሰወረ።

ጧት ሕንፃው ሥር የተሰበሰበው ሰው ከተሰረቀው ጣቃ ይልቅ ስለ ተሸረፈው ምሰሶ ሲያወራ ዋለ። መርካቶ እንዲህ ናት፤ ለሐዘን ጊዜ የላትም፣ ለቀልድ ግን ሱቅ ዘግታ ትወጣለች።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ ይሄን ሰውዬ ጎበዜ ሲሉት መልአኩ እረፍት ላይ ነበር መሰለኝ!»

«አንተ ደግሞ! አነጣጥሮ እኮ ነው የመታው። ምሰሶው ሊያመልጥ ነበራ!»

ይህ ሁሉ ባለፈ ነበር። ያላለፈው ፈርሀት የሚሉት ጫኝና አውራጅ የተናገረው ነው። ፈርሀት ያን ጧት ቀድሞ መጥቶ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበርና፣ «ወላሂ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የተኮሰው!» አለ። «መርፌ እንደሚወጋ ሕፃን ጭፍን! በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት።»

ፈርሀት አልዋሸም። ጎበዜ ሲተኩስ ዓይኑን ይጨፍናል። ለምን እንደሚጨፍን ግን ራሱም አያውቅም፤ ፍርሃት እንዳልሆነ ብቻ ያውቃል። ያን ጧት ልቡ ልክ እንደ ሌላው ቀን ነበር። ቢፈራ ኖሮ ከፒክአፑ ፊት ምን ሊሠራ ወጣ?

ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ግን ማንም አላነሣውም። የመጋዘኑ ጓጉንቸር አልተሰበረም። በቁልፍ ነው የተከፈተው። ቁልፉ ያለው ደግሞ ሁለት ሰው ዘንድ ነው፤ ሐጂ ጁነዲን ዘንድና የእህታቸው ልጅ ሙናዊር ዘንድ። ይህን ያላወቀ ሕንፃው ውስጥ አልነበረም፤ ይህን የተናገረም አልነበረም። ፖሊስ መጥቶ ሲጠይቅ ሐጂ «የውስጥ ጉዳይ ነው፣ በሽማግሌ እንይዘዋለን» ብለው ሸኙት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። የነጋዴዎቹ ኮሚቴም ተሰብስቦ በዳውላው ላይ ፈረደ፦ ጎበዜ ተኩስ ይፈተን። ካለፈ በሥራው ይቀጥላል፤ ከወደቀ መሣሪያውን አስረክቦ ይሂድ።

ጎበዜን ያስጨነቀው ሥራው ብቻ አልነበረም። መርካቶ ውስጥ ዘበኛ ያለ ተያዥ አይቀጠርም። የሱ ተያዥ እትዬ አበራሽ ናት፤ በርበሬ በረንዳ ቅመም የምትሸጥ ያገሩ ልጅ። ከቡልጋ እንደ መጣ ኮሚቴው ፊት ቀርባ «የዚህን ልጅ እጅ እኔ አውቀዋለሁ፤ ንጹሕ ነው። የጠፋ ነገር ቢኖር እኔን ያዙኝ» ያለች እሷ ነበረች። እንግዲህ አንድ ቀን አንድ ሰው ተነሥቶ «ዘበኛው ከሌባው ጋር ነበር» ቢል፣ የሚያዘው የሱ አንገት ብቻ አይደለም።

«አይነኩህም!» አለችው ሊያያት ሲሄድ፣ የበርበሬው ብናኝ እያስነጠሳት። «እኔ ለራጉኤል ነግሬዋለሁ። አንተ ብቻ ዓይንህን ግለጥ! ምን አባቱ አስጨፈነህ?»

«አላውቅም እኮ ነው የምልሽ እትዬ።»

«አላውቅም ብሎ መልስ አለ? የፈሪ ዘር የለብህ። አባትህን አውቃቸው የለ እንዴ!»

እሱም ለራጉኤል ነገረ። ከኪዳን በኋላ ቅጥሩ ውስጥ ቆሞ ሲጸልይ፣ ጥዱ ሥር ዳዊታቸውን ይዘው የሚቀመጡትን ጋሼ ገብረ ኢየሱስን አያቸው። ጋሼ ገብረ ኢየሱስ በደጉ ዘመናቸው ለፖሊስ በሽጉጥ ኢላማ የሚወዳደሩ ተኳሽ ነበሩ ይባላል፤ እሳቸው ግን ስለዚያ ሲያወሩ የሰማቸው የለም። ጎበዜ ጫማቸው አጠገብ ተቀምጦ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ሽማግሌው አላቋረጡትም። ሲጨርስ ዳዊቱን አጥፈው፦

«እስቲ ሁለት እጅህን ወደ ፊት ዘርጋ። መዳፎችህን ደርበህ መሐላቸው ትንሽ ቀዳዳ ተው። በዚያች ቀዳዳ ጉልላቱ ላይ ያለውን መስቀል እየው። ሁለቱም ዓይንህ ይከፈት።»

«አየሁት።»

«አሁን ግራህን ብቻ ጨፍን።»

ጎበዜ ሞከረ። ግራውን ሲጨፍን ቀኙም አብሮ ተጨፈነ። ደግሞ ሞከረ፤ ጉንጩ ተኮማተረ፣ ከንፈሩ ወደ ጆሮው ተሳበ፣ ዓይኖቹ ግን እንደ ጥማድ በሬ አብረው ወደቁ። ጋሼ ገብረ ኢየሱስ ፈገግ አሉ። እጃቸውን ዘርግተው ግራ ዓይኑን በመዳፋቸው ሸፈኑለት።

«መስቀሉስ?»

«ጠፋ!» አለ ጎበዜ ደንግጦ። «ግድግዳ ነው የማየው።»

መዳፋቸውን ወደ ቀኝ ዓይኑ አዞሩ።

«አሁንስ?»

«አለ! እቦታው ነው።»

«እንግዲህ የቤቱ ጌታ ግራህ ነው። ሰው ሁለት ዓይን አለው እንጂ፣ ሲያነጣጥር የሚታዘዘው ለአንዱ ነው። ያንተ ቀኙ ሎሌ ነው። አንተ ደግሞ ሽጉጡን በቀኝ እጅህ በሎሌው ፊት ትይዘዋለህ። ጌታው ከወዲያ ሆኖ ልየው ይላል፤ አፈሙዙ ወደሱ ይሳባል፤ ጥይቱ ወደ ግራ ይሄዳል። ግራህን ልትጨፍነው ስትል ደግሞ ጌታውን የሚደፍር ሎሌ የለምና ሁለቱም ይጨፈናሉ።» ቀኝ እጁን አየት አድርገው «ልጅ ሆነህ ግራኝ ነበርክ?» አሉት።

ጎበዜ ትዝ አለው። እናቱ ግራ እጁን በመቀነቷ ቁራጭ ከወገቡ ጋር ታስርበት ነበር። በግራው ሲጎርስ፣ በግራው ሲቀበል እንግዳ ያየው እንደሆነ ታፍራለች። «አሳዳጊ የበደለው ይሉሃል» ትለው ነበር። መቀነቱ የተፈታለት ቀኙ ከለመደ በኋላ ነው።

«እጅህን አስተዉት» አሉ ጋሼ ገብረ ኢየሱስ። «ዓይንህን ግን በምን ይሠሩት? በል ተነሣ፣ ስትተኩስ እንዴት እንደምትቆም አሳየኝ።»

ጎበዜ ጎኑን ሰጥቶ፣ ቀኝ ትከሻውን አስቀድሞ፣ አንድ እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«ይህን ማን አስተማረህ?»

«ማንም… ፊልም ላይ ነው ያየሁት።»

«ካልከፈልክበት ጥሩ ነው። እንዲህ ስትቆም አፍንጫህ ለግራ ዓይንህ አጥር ይሆንበታል። ዙር። ደረትህን ለኢላማው ስጠው። እግርህን በትከሻህ ልክ ክፈት፤ ጉልበትህን አታድርቀው፤ ትንሽ ወደ ፊት አዘንብል፣ ሰው እንደሚገፋህ። ሁለቱንም እጅህን ዘርጋ። አሁን አገጭህን ጥቂት ወደ ቀኝ መልስና ሽጉጡን በጌታው ፊት አቁመው። ዓይን ወደ መሣሪያ አይሄድም፤ መሣሪያ ነው ወደ ዓይን የሚመጣው። መጨፈን ካማረህ ሎሌውን ጨፍነው፤ እሱ እሺ ይላል።»

ጎበዜ ቀኝ ዓይኑን ብቻውን ጨፈነ። እሺ አለ። በአርባ ዓመቱ ዓይኑን እንደ ማዘዝ የሚደንቅ ነገር የለም። ቆሞ እንደ ሞኝ ጥቅሻ በጥቅሻ ሆነ፤ ጸበል ልትቀዳ የመጣች አንዲት ሴት በቁጣ ፊቷን አዞረች።

ዐቢይ ጾም እስኪፈታ ድረስ ልምምዱ ይህ ሆነ። የምሳ ሰዓት ላይ መጋዘኖቹ መሐል ባለው መተላለፊያ ውስጥ ውሃ የሞላ ሃይላንድ በሁለት እጁ ይይዝና፣ ግድግዳው ላይ ያለችውን የምስማር ቀዳዳ እያየ ክንዱ እስኪዝል ይቆማል። እስትንፋሱን ግማሽ ለቆ፣ ሌባ ጣቱን ቀስ እያደረገ፣ ቃታ እንደሚስብ። በልቡ አቡነ ዘበሰማያትን ይላል፤ ሲጨርስ ክንዱን ያወርዳል። ወዛደሮቹ ጣቃ ተሸክመው ሲያልፉ ሙድ ይይዙበታል።

«ጎቤ፣ ውሃው እጁን ሰጠ?»

«ተውት፣ ለምሰሶው ይቅርታ እየጠየቀ ነው!»

ሙናዊርም አንዳንዴ ያልፋል፤ እሱ ግን አይቀልድም። ዝም ብሎ ያየውና፣ ዓይናቸው ሲጋጠም ስልኩን ማየት ይጀምራል።

የፈተናው ቀን ከከተማ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ የተኩስ ሜዳ የወሰደው የኮሚቴው ጸሐፊ ኢርፋን ነው፤ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ብርድ ልብስ የሚያከፋፍል፣ ሳቂታ ነጋዴ። መንገዱን ሁሉ «አብሽር፣ ካላለፍክ ያው የብርድ ልብስ መጋዘን እቀጥርሃለሁ፤ እዚያ የሚተኮስ ነገር የለም» እያለ ያጽናናው ነበር። ሜዳው ላይ ፈታኙ ቆርፋዳ ሰው ነው። የጎበዜን አቋቋም አይቶ «አንገትህን ምን ሆንክ? ቀና በል» አለው።

«እንዲህ ነው የሚያይልኝ ጌታዬ» አለ ጎበዜ።

«ምንድን ነው የሚያይልህ?»

ጎበዜ ደረቱን ሰጠ፤ አገጩን መለሰ፤ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው ጉጥ በግራ ዓይኑ ፊት ጥርት ብላ ቆመች፤ ኢላማው ከጀርባዋ ደብዘዝ አለ። ተኮሰ። የሰጡትን ጥይት ሁሉ ሳይቸኩል ተኩሶ ሲጨርስ ፈታኙ ሄዶ ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ ጎበዜን አየ፤ ከዚያ ደግሞ ወረቀቱን አየ። ጥይቶቹ ሁሉ መሐሉ ላይ፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ አፍ በሚሸፍነው ቦታ፣ ተጠጋግተው ገብተዋል።

«ያ አላህ!» አለ ኢርፋን። ሁሉንም በስልኩ ቀርጾት ነበር፤ እዚያው ቆሞ የሕንፃው ነጋዴዎች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው። ጎበዜ ፊቱን ወደ ዛፎቹ አዙሮ አማተበ። አንድ ነገር ከትከሻው ላይ የወረደለት መሰለው።

መርካቶ ሲመለሱ ወሬው ቀድሟቸው ገብቷል። ፈርሀት እንኳ ከሸክሙ ሥር ሆኖ «ተመችተኸኛል ፋዘር!» አለው። ኢርፋን ግን አልሳቀም። ስልኩን እያየ ነበር። «ሐጂ ቢሮ ይጠሩሃል» አለው፤ ድምፁ ልክ አልነበረም።

ሐጂ ጁነዲን ከሕንፃው ላይኛ ፎቅ ቢሯቸው ውስጥ ስልካቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከጎናቸው የኮሚቴው አባል ወይዘሮ ሀፍሷ፣ በሩ አጠገብ ሙናዊር። ሐጂ ቪዲዮውን አጫወቱት፤ ሲያልቅ መልሰው አጫወቱት።

«ጎበዜ» አሉ በመጨረሻ፣ «ይኼ እጅ ነው ያን ቀን ከአፍንጫው ሥር ያለውን ጎማ የሳተው?»

ጎበዜ ነገሩ የገባው ያኔ ነው። 

«ጥያቄ አለው እንዴ ሐጂ?» አለች ወይዘሮ ሀፍሷ። «ያልቻለ ሰው ይስታል። የሚችል ሰው ከሳተ ግን አውቆ ነው የሳተው። ልጁ ተኳሽ ነው! ሌባውን ሸኘው እንጂ አልተኮሰበትም።»

«ያኔ በቀኝ ዓይኔ ነበር እትዬ፤ አሁን ግን በግራዬ…»

«ዓይን ደግሞ በጥር ቀኝ፣ በሚያዝያ ግራ ይሆናል? ወላሂ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም!»

ጎበዜ ለመነ፤ ጋሼ ገብረ ኢየሱስ ተጠሩ። ሽማግሌው ደረጃውን እየተነፈሱ ወጥተው፣ ሳይቀመጡ፣ ስለ ጌታውና ስለ ሎሌው አስረዱ። ሐጂንም እጃቸውን አስደርበው የግድግዳውን ሰዓት አሳዩአቸው። ሐጂ በመዳፋቸው አንዱን ዓይን ሸፈኑ፤ ሌላውን ሸፈኑ። ሰዓቱ ጠፋ፤ ሰዓቱ መጣ። «ሱብሐነላህ» አሉ ቀስ ብለው። ወይዘሮ ሀፍሷ ግን እጇን አላነሣችም፤ «አስማት እዚያው» ብላ ተቀመጠች።

ሐጂ ሁሉንም አስወጥተው ጎበዜን ብቻ አስቀሩት። ሙናዊር የወጣው ከሁሉም በኋላ ነው።

«አመንኩህ» አሉት። «ቁጭ በል። ፈተናው ላይ ብትስት ኖሮ ለሁላችንም ይቀል ነበር፤ ታውቃለህ? 'አልቻለም' ብለን በሰላም ሸኝተንህ ነገሩ ያልቅ ነበር። አሁን ሰዉ 'ዘበኛው ተኳሽ ነው' አለ። ቀጥሎ የሚጠይቀው 'ታዲያ ማን ነው?' ብሎ ነው። አንተ ካልሆንክ ማነው? በሩን ማን ከፈተ?»

«እርስዎ ያውቃሉ ሐጂ» አለ ጎበዜ።

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ፈልገው አነሡት፤ አልቆጠሩበትም።

«እህቴ ስትሞት እጄን ይዛ ነው ልጇን የሰጠችኝ» አሉ። «እኔ አሳልፌ አልሰጠውም። ይህን ይዤ ነው መቃብር የምገባው። ስለዚህ ስማኝ። ነገ ነጋዴው ሁሉ ባለበት ውጣና 'ፈራሁ' በል። ሰው ስላየሁ ራድኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ በል። ወረቀት መምታትና ሰው ፊት መተኮስ ይለያያል፤ ሰው ይህን ይገባዋል። ሽጉጡን አስረክበህ ትሄዳለህ፤ ግን ፈሪ አይከሰስም። ተያዥህንም ማንም አይነካትም፤ እኔ ጁነዲን እላለሁ። 'አልፈራሁም' ካልክ ግን የቀረው የሀፍሷ ቃል ነው። ያኔ አበራሽ ትጠራለች። እኔ ልከለክል አልችልም።»

«ውሸት ነው እኮ ሐጂ።»

«አውቃለሁ» አሉ፤ ዓይናቸውን ሳያነሡ።

ጎበዜ በርበሬ በረንዳ ሲደርስ እትዬ አበራሽ የጎረቤት ስልክ ይዛ፣ የሚጥሚጣ ሻጮቹን ሰብስባ ቪዲዮውን ታሳያለች። «ይሄ እኮ ነው! የኔ ተያዥነት እንዲህ ነው!» ትላለች። ስታየው እልልታዋን አቀለጠችው፤ ሁሉም አጨበጨበ። «ጨፍኖ ተኮሰ ያለውን አምጡልኝ፣ አፉን በዚህ በርበሬ ልሙላለት!» አለች። ሊነግራት አስቦ ነበር የመጣው። አፉን ከፈተ፤ ሳቅ በሳቅ የሆነ ፊቷን አየና «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» ብቻ ብሎ ተመለሰ።

ጋሼ ገብረ ኢየሱስን ጥዱ ሥር አገኛቸው።

«ምን ልበል ጋሼ?»

«እኔ የማውቀው ስለ ዓይን ነው ልጄ።»

«በሐሰት መመስከር ኃጢአት ነው። በራስ ላይስ?»

ሽማግሌው ዳዊታቸውን ከፈቱት፤ አላነበቡትም። «በራሳቸው ላይ የመሰከሩ ብዙ አይቻለሁ» አሉ ቆይተው። «አንዳቸውም ሲመለሱ ቀልሏቸው አላየሁም። ያልመሰከሩትም እንደዚያው።»

በማግስቱ ነጋዴው ሱቁን ሳይከፍት ሕንፃው ሥር ተሰበሰበ። ወዛደሮቹ ጣቃ ላይ ተቀመጡ። እትዬ አበራሽም የጸዳ ነጠላዋን ለብሳ፣ ሊመሰገንላት ነው ብላ ከፊት ቆማለች። ሐጂ ጁነዲን «ጎበዜ የሚለው አለው» አሉ።

ጎበዜ እንደ ተማረው ደረቱን ለሰዉ ሰጠ። ሁለቱም ዓይኖቹ ተከፍተው ነበር።

«ያን ቀን ፈራሁ» አለ። «ሰው ሲሆን እጄ ራደ። ዓይኔን ጨፈንኩ። የሳትኩት በፍርሃት ነው።»

 ከዚያ ፈርሀት ከጣቃው ላይ ብድግ ብሎ «አላልኳችሁም? ጭፍን ነበር ያረገው!» አለ፤ ሳቁ ከወዛደሮቹ ጀምሮ እስከ በሩ ደረሰ። ወይዘሮ ሀፍሷ «በቃ፣ ፈሪ ከሆነ ምን ይደረጋል» ብላ ሱቋን ልትከፍት ሄደች። ኢርፋን መሬት መሬት ያይ ነበር። ሽጉጡን እንዲረከብ የተመደበው ሙናዊር ነው። ተረክቦ ጎበዜን ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«አብሽር ጋሽ ጎበዜ» አለው። «ሰው ነህ፤ ሰው ይፈራል።»

ጎበዜ ሰዉን እየሰነጠቀ ወጣ። እትዬ አበራሽ ከበሩ ውጭ፣ ጋሪዎቹ መሐል ቆማ ስትጠብቀው አገኛት። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች።

«እናቴ ትሙት በለኝ፤ ፈርተህ ነው?»

ጎበዜ ቀጥ ብሎ አያት። የልጅነቱን፣ የመቀነቱን፣ የግራ ዓይኑን፣ የጓጉንቸሩን ነገር ሁሉ ሊነግራት ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ቢነግራት ዝም የምትል ሴት አይደለችም፤ አሁኑኑ ተመልሳ ገብታ ያን ሕንፃ በጩኸት ታናውጠዋለች። ያኔ የሚጠራው የሷ ስም ነው።

«ፈርቼ ነው እትዬ» አላት።

«እኔ ደግሞ ለፈሪ አንገቴን ሰጥቼ፣ ትላንት እልል ስል ነበር የዋልኩት» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም። «ከእንግዲህ በኔ በኩል አትለፍ። ያገሬ ሰው ነው እንዳልል አፍሬብሃለሁ።»

«እሺ እትዬ» አላት።

አንድ ጋሪ ገፊ «ገለል! ጎንህን!» እያለ መሐላቸው ገባ። ካለፈ በኋላ እሷ ወደ በርበሬ በረንዳ ቁልቁል እየወረደች ነበር፤ እሱ እዚያው ቆሞ የነጠላዋ ጥለት በሰዉ ውስጥ እስኪጠፋ በዓይኑ ተከተላት።